ምላጭ ሲነካችሁ በሸብ ደም የማቆም አሠራር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ፀጉር ቤት የሰው ጺም ስላጭ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ሸብ የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን ሁሌም አንድ ነው። «ጋሼ፣ እኔም ገዝቼ ቤት አስቀምጫለሁ፤ ግን ባሸሁት ቁጥር ደሙ ይብሳል» ይለኛል አንዱ። «አቃጠለኝና ጣልኩት» ይላል ሌላው። በቀደም ደግሞ አንዲት እናት ልጃቸውን ሊያስተካክሉ መጥተው «ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ ቁስል ላይ ሲደረግ ጉዳት የለውም ወይ?» አሉኝ። ለእያንዳንዱ በየተራ ሳስረዳ ግማሹን እረሳለሁ። ስለዚህ አሠራሩን ከነምክንያቱ እዚህ ጽፌላችኋለሁ።

ሸብ በአንዳንዱ ዘንድ ሻብ ይባላል። ፋብሪካ ያሸገው ላይ አሉም ወይም ፖታሽየም አሉም የሚል ይጻፍበታል። ያው አንድ ነገር ነው።

ሸብ ደም የሚያቆመው እንዴት ነው?

ሸብ የጨው ዘር ነው፤ ውስጡ አሉሚኒየም፣ ፖታሽየምና ሰልፌት አለ። ውሃ ነክቶት እርጥብ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ቆዳውንና በቆዳው ውስጥ ያሉትን በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች ያኮማትራል። ሁለተኛ፣ ደሙ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ያረጋዋል። የእንቁላል ነጩ እሳት ሲነካው እንደሚረጋው ማለት ነው። ያ የረጋው ነገር ቀዳዳዋን ይደፍናታል።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ከታች የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚመጣ ነው። ቀዳዳዋ ትንሽ ከሆነች ድፍኑ ይይዛል። ትልቅ ከሆነች ወይም ደሙ እየገፋ ከሆነ ድፍኑ ተጠርጎ ይወጣል።

ለየትኛው ቁስል ነው?

ሸብ ምላጭ ለጫረው ትንሽ ቦታ ነው። ደሙ በነጥብ በነጥብ ብቅ የሚል፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ፣ አፉን ያልከፈተ ጭረት። ላዩ ተልጦ ትናንሽ ቀይ ነጥቦች ለሚያሳይ ቆዳም ይሆናል።

ደሙ የሚፈስ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ፣ ቁስሉ አፉን ከፍቶ ውስጡ የሚታይ ከሆነ ሸቡን አታንሱት። በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መሰፋት የሚያስፈልገውን ቁስል በሸብ መደፈን ሰዓት ማባከን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሸብ፤ ጥሬ ድንጋይ ወይም ፋብሪካ የቀረጸው
- ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ፣ በኩባያ
- ሶፍት ወይም ንጹሕ ጥጥ
- ንጹሕ ትንሽ ፎጣ
- ሰዓት (ስልካችሁ ይበቃል)
- ሽታ የሌለው ቫዝሊን
- ክዳን ያላት የፕላስቲክ ዕቃ፣ ሸቡ የሚቀመጥባት

ስለ ውሃው አንድ ነገር ልጨምር። ቧንቧ በማይመጣበት ቀን ሁላችንም ከጀሪካን ነው የምንቀዳው። ብዙ ቀን የቆየ ውሃ ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። የተከፈተ ቆዳ የሚነካ ውሃ ነውና።

ሸብ ስትገዙ

ቅዳሜ ገበያም ሆነ አራዳ ስትወጡ ቅመማ ቅመም የሚሸጡትን ጠይቁ። የኮስሞቲክስ ሱቅና ፋርማሲም መጠየቅ ይቻላል። በሦስት መልክ ይገኛል። ጥሬ ድንጋይ፣ ሳሙና መስሎ የተቀረጸ፣ ወይም የተፈጨ ዱቄት። እንደ እርሳስ የቀጠነም አለ፤ እሱ ለአንዲት ነጥብ በጣም ይመቻል።

ጥሩ ሸብ በረዶ መስሎ ብርሃን ያሳልፋል፣ ወይም ነጣ ያለ ነው። ሽታ የለውም። እርጥብ ጣት ላይ ብታሹት ቆዳውን ጭብጥ ሲያደርገው ይሰማችኋል። ሰማያዊ ድንጋይ ካሳዩአችሁ ሸብ አይደለም፤ ቁስል ላይ እንዳታደርጉት። ሽታ ያለውንም ተዉት። «ምላስህ ላይ ሞክረው» የሚል ሻጭ አለ፤ ምንነቱን ያላወቃችሁትን ድንጋይ አትቅመሱ።

እኔ ለቤት የምመርጠው ጥሬውን ድንጋይ ነው። ግን ጥሬው ጠርዙ ስለት አለው። እንዳለ ፊት ላይ ካደረጋችሁት ሌላ ጭረት ይጨምራል። ብርጭቆ ወረቀት ውሃ ነክራችሁ ጠርዙን በደንብ ፈግፍጉት፤ ከዚያ በውሃ አለቅልቁት። አምስት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው። አንድ ጎኑን ለጥ አድርጉት፣ አንድ ጫፉን ደግሞ ሹል ሳይሆን ክብ አድርጉ። ለጡ ጎን ለሰፊ ቦታ፣ ክቡ ጫፍ ለአንዲት ነጥብ ያገለግላል።

አሠራሩ

1. መላጨታችሁን ጨርሱ፤ የቆሰለውን ግን አትድገሙት።

ምላጩ ሲነካችሁ ወዲያው ሸቡን አትፈልጉ። ቁራጭ ሶፍት በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ቦታው ላይ ለጥፉና የቀረውን ተላጩ። ሸብ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሸብ ቆዳውን ይጨብጠዋል፣ ያደርቀዋል። በተጨበጠ ቆዳ ላይ ምላጭ ሲሄድ ይንገጫገጫል፤ ሁለተኛ ጭረት ይመጣል። የቆሰለው ቦታ ላይ የቀረች ጥቂት ጺም ካለች ትቅር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ትላጯታላችሁ።

2. እጃችሁን ታጠቡ፤ ፊታችሁን ከሳሙና አጥሩ።

እጅ የሚታጠበው ቁስል ስለምትነኩ ነው። አረፋው በቀዝቃዛ ውሃ ሙልጭ ብሎ መውጣት አለበት። ሳሙናና ሸብ ሲገናኙ ተያይዘው የሚያጣብቅ ነጭ ነገር ይሠራሉ። ያ ነገር ሸቡ ቆዳው ጋ እንዳይደርስ ይከለክለዋል። «ሸቡ አልሠራልኝም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ አረፋው ሳይለቅ ነው የሚያሹት።

ውሃው ለምን ቀዝቃዛ ሆነ? ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ይከፍታል፣ ቀዝቃዛ ያጠባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጎንደር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ ማድረግ እንደሚከብድ አውቃለሁ። መላው ፊት አያስፈልግም። ጨርቅ ነክራችሁ ቦታውን ብቻ ያዙት።

3. ጫን ብላችሁ ያዙ፤ ሁለት ደቂቃ፣ በሰዓት።

ከሁሉም ደረጃ የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ሰው የሚዘለውም ይሄንኑ ነው። ንጹሕ ሶፍት ወይም ጥጥ ቦታው ላይ አድርጉ፣ በጣታችሁ ጫን በሉ፣ ሰዓት ተመልከቱ። ሁለት ሙሉ ደቂቃ። መሐል ላይ «ቆመ ይሆን?» ብላችሁ ገልጣችሁ አትዩ። በገለጣችሁ ቁጥር ሊረጋ የጀመረው ደም ከሶፍቱ ጋር ተነቅሎ ይመጣል። ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ይሄ ደረጃ ለምን ግድ ሆነ? ሸብ ያገኘውን ፕሮቲን ያረጋል ብያችኋለሁ። ቆዳው ላይ ብዙ ደም ካለ ሸቡ የሚያረጋው ላይ ያለውን ደም ነው፤ ወደ ቀዳዳዋ አይደርስም። ላዩ ቅርፊት ይሠራና የቆመ ይመስላል። ፊታችሁን ስትጠርጉ ቅርፊቱ ተነሥቶ ደሙ እንደገና ይመጣል። «ባሸሁት ቁጥር ይብሳል» ያለኝ ልጅ ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ድንጋዩ ላይ ጥፋት አልነበረበትም፤ በደም ላይ ነበር የሚያሸው። ሁለት ደቂቃ ጫን ብሎ እንዲጀምር ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ስሞታ የለውም።

አገጭ ላይ ወይም ማንቁርት ላይ ከሆነ ጣት ይንሸራተታል። ቆዳውን በሌላው እጃችሁ ወጠር አድርጋችሁ ያዙ። ማንቁርት ላይ ግን ጉሮሯችሁን እስኪያፍን አትጫኑ፤ ለስለስ ባለ ጣት ይበቃል።

4. ሶፍቱን ቀስ ብላችሁ አንሡና እዩ።

ከደረቀና ከተጣበቀ በውሃ አርጥቡት፤ በደረቁ አትንቀሉት። አሁን ሦስት ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ደሙ ፈጽሞ ቆሟል፤ እንዲህ ከሆነ ሸብ አያስፈልጋችሁም፣ ወደ 9ኛው እለፉ። ትንሽ ነጥብ ብቅ ይላል፤ የሸብ ሥራ ይሄ ነው። እንደ መጀመሪያው ይፈሳል፤ ወደ 3ኛው ተመልሳችሁ 10 ደቂቃ ያዙ።

5. ሸቡን አርጥቡ።

ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሦስት ወይም ለአምስት ሰከንድ ንከሩት። ደረቅ ድንጋይ ሁለት ጥፋት አለው። ቆዳ ይቧጥጣል፤ ደግሞም ሸቡ የሚሠራው ሲሟሟ ብቻ ስለሆነ ከደረቀው ምንም አይወጣም። ሙቅ ውሃም አይሁን። በሙቅ ውሃ ሸብ ከልክ በላይ ይሟሟል፤ ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል፣ ቁስሉ ላይ የሚያርፈውም ይበዛል፣ ይበልጥ ያቃጥላል።

6. አስነኩት እንጂ አትሹት።

ክቡን ጫፍ ነጥቧ ላይ አሳርፉና ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ሳታንቀሳቅሱ ያዙ። ማሸት የረጋውን ይነቅላል። ትንሽ ይቆነጥጣችኋል፤ ይህ የታወቀ ነው። ሸብ በውሃ ሲሟሟ አሲድ ባሕርይ አለው፣ የተከፈተ ቆዳ ደግሞ ይሰማዋል። ማቃጠሉ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ወይም እየባሰ ከሄደ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡትና ተዉት። ያ ቆዳ ሸብ አልተስማማውም።

አንዴ ነክታችሁ ደም ብቅ ካለ በንጹሕ ሶፍት ጠረግ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ድገሙ። ከሁለት ጊዜ በላይ አትሂዱ። ሦስተኛ የሚያስፈልገው ቁስል ሸብ አይደለም የሚፈልገው፤ ጫን ብሎ መያዝ ነው።

7. አንድ ደቂቃ ታገሡ።

አትንኩ፣ አትጥረጉ፣ አታውሩ። ማውራቱን ለቀልድ አይደለም የምላችሁ፤ አገጭና ከንፈር አካባቢ ቆዳው ሲንቀሳቀስ ድፍኑ ይሰነጠቃል።

8. ዙሪያውን አጥሩ።

ፎጣችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁ፤ ከቁስሉ ዙሪያ ያለውን የሸብ ውሃ ቀስ እያላችሁ ንኩት። ነጥቧ ላይ አትጥረጉ። ለምን ይጠራል? የቀረ ሸብ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ቆዳውን ሲያሳክክና ሲያደርቅ ይውላል። የኛ አየር በበጋ ደረቅ ስለሆነ ከቀትር በፊት ቆዳችሁ ሲነጣ ታዩታላችሁ።

9. አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ቫዝሊን ቀቡ።

በጣም ስስ አድርጋችሁ። ቫዝሊን እርጥበት ይይዛል፤ እርጥበት ያለው ጭረት ቶሎ ይድናል፣ ቅርፊቱም አይጠብቅም። ወዲያው የማይቀባው ደግሞ ቅባት ያልጠነከረውን ድፍን ስለሚያንሸራትተው ነው። አልኮል ያለበት ሽቶና ኮሎኛ በዚያ ቀን ቁስሉ ላይ አይነስነስ። ያቃጥላል፣ ቆዳ ያደርቃል፣ ጥቅም ግን አይጨምርም።

10. ድንጋዩን አጥባችሁ አድርቁ።

በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ በሶፍት አድርቁ፣ አየር እስኪያገኘው ድረስ ክፍት ተዉትና ከዚያ ክደኑት። እርጥብ ሳሙና ማስቀመጫ ላይ የተተወ ሸብ ከሥሩ እየሟሟ ይሄዳል፣ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ሸብ ስለት ያወጣል። ክረምት ላይ በተለይ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አታስቀምጡት።

አብዝተው የሚሠሩ ስሕተቶች

ቡና መነስነስ። ደም ሲያዩ የቡና ዱቄት መነስነስ እቤታችን የለመድነው ነው። ደሙ ይደፈን ይሆናል፤ ግን ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። ንጹሕ አይደለም፣ ለማጠብም ያስቸግራል፣ ሲድን ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ፊት ላይ ደግሞ ማን ይፈልገዋል? አመድ፣ ቅቤና የጥርስ ሳሙናም እንደዚሁ ናቸው። ሎሚ ያቃጥላል፤ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል።

አረቄ ማፍሰስ። «ይግደለው» ብሎ አረቄ የሚያፈስ ሰው አለ። ቁስሉን ያቃጥላል እንጂ ደም አያቆምም።

ሸቡን «ላምክን» ብሎ ማፍላት። አንድ ደንበኛዬ ድንጋዩን ድስት ውስጥ ጨምሮ ሲመለስ ግማሹን አጣው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሸብ ደግሞ በደረቁ የሚቀልጠው እዚያው አካባቢ ነው፤ ፈሊ ውሃ ውስጥማ ገና ሳይሞቅ ይሟሟል። ድንጋይ ሸብን አፍልቶ ማጽዳት አይቻልም። ስለዚህ መፍትሔው አንድ ነው፦ የአንድ ሰው ድንጋይ ለአንድ ሰው ብቻ።

ዱቄቱን በጣት ቆንጥሮ መበተን። ዱቄት የተፈጨ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ይሟሟል፣ በጣም ያቃጥላል። ዓይንና አፍንጫ ውስጥም ይገባል። ዱቄት ያላችሁ እንደሆነ እርጥብ ጥጥ ጫፍ ላይ ትንሽ አንሡና በዚያ ንኩ።

ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ መቀባት። ደሙ ከቆመ በኋላ ሸብ ለቁስሉ የሚጨምረው ነገር የለም። እየደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይዘገያል።

ሌላው፣ ጺም ከተላጨ በኋላ የሚወጣውን እብጠት በሸብ አድናለሁ ማለት ነው። እንደኛ ጸጉሩ የሚጠቀለል ሰው ሲላጭ ጸጉሩ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባና ያብጣል። የሚያስከትለው ምላጩ በጣም ከሥር መቁረጡ ነው። ሸብ ለዚያ መድኃኒት አይሆንም፤ ማሽን መጠቀምና ጺሙን ትንሽ ማስቀረት ይሻላል።

ጥንቃቄ

ዓይን፣ የከንፈር ውስጠኛው ክፍል፣ አፍንጫ ውስጥና ሐፍረተ ሥጋ አካባቢ ሸብ አታድርጉ። ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ማቃጠሉ ካልተወ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሴቶች እግርና ብብት ስትላጩ ከላይ ያለው አሠራር ሳይቀየር ይሠራል፤ ብብት ላይ ግን ዲዮድራንት በዚያ ቀን ይቅር።

ማርያም የሳመችው ላይ ምላጭ ካረፈ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ሊደማ ይችላል። 10 ደቂቃ ጫን ብላችሁ ያዙ። ሳትነኩት በራሱ የሚደማ፣ የሚያድግ ወይም መልኩን የለወጠ ከሆነ ለሐኪም አሳዩት፤ በሸብ እየደፈናችሁ አታቆዩት።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን፣ የሚወስድ ሰው ደሙ ቶሎ አይቆምም። አስፕሪን በየቀኑ የሚወስድም እንደዚሁ። እነዚህ ሰዎች በምላጭ ባይላጩ፣ በማሽን ቢያሳጥሩ ይሻላቸዋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ትንሿን ጭረት ሳይቀር በየቀኑ ይያት። ቦታው ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ሐኪም ያስፈልጋል። ይሄ ለማንኛችንም ይሠራል።

ማንኛውም ቁስል ደግሞ በደንብ ተይዞ 15 ደቂቃ ካለፈው በኋላም የሚደማ ከሆነ ጤና ተቋም ነው የሚኬደው።

ምላጩ የዛገ ወይም ከመሬት የተነሣ ከነበረ ሸብ ከመንጋጋ ቆልፍ አያድናችሁም። የመጨረሻ ክትባታችሁን መቼ እንደወሰዳችሁ አስቡ፤ ካላስታወሳችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ሸቡን ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩት። ነጭ ከረሜላ ይመስላቸዋል።

ፀጉር ቤት ላላችሁ

ይሄን ለሥራ ባልደረቦቼ ነው የምጽፈው፤ ደንበኛ ከሆናችሁም አንብቡት፣ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

አንዱን ሸብ ለሁሉም ደንበኛ ማዞር ይቁም። ሥራ ስጀምር እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው፤ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ሸብ ትንሽ ጀርም ይገታ ይሆናል፤ ደም ውስጥ ያለን ቫይረስ ግን ይገድልልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ውስጥ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ሰኞ የነካችሁት ድንጋይ ለእሑዱ ደንበኛ ያስተላልፋል ማለት ነው። ደሙ በዓይን ላይታይም ይችላል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሸብ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አሟሟለሁ። ግማሽ የውሃ ብርጭቆ ያህል ነው። መርጫ ያላት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ የብረት ዕቃ ውስጥ አላስቀምጥም፣ ይበላዋልና። ደንበኛ ሲነካብኝ አዲስ ጥጥ ላይ እረጭና ያን ጥጥ ቁስሉ ላይ 20 ሰከንድ እይዛለሁ። ጥጡ ወዲያው ክዳን ያለው ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። የጠርሙሱ አፍ ቆዳም ጥጥም አይነካም። የቀረውን ማታ ደፍቼ በማግስቱ አዲስ አዘጋጃለሁ።

ቁስል ከመንካቴ በፊት ጓንት አደርጋለሁ። ምላጭ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ነው፤ ከደንበኛው ዓይን ፊት ነው የምከፍተው። መቀስና የማሽን ጥርስ ደም ከነካው መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ከዚያ በበረኪና፦ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ ማድረቅ፣ አለበለዚያ ብረቱን ይበላዋል። የማሽኑን ጥርስ ፈታችሁ ነው የምትነክሩት እንጂ ማሽኑን አይደለም። በረኪናና የሸብ ውሃ ግን በአንድ ዕቃ አይገናኙ። ሸብ አሲድ ስለሆነ ከበረኪናው የሚያፍን ጋዝ ያስወጣል።

ድንጋዩን የሚመርጥ ደንበኛ አለ። በተለይ ትላልቅ አባቶች «ያ ድንጋዩ ይሻለኛል» ይሉኛል። ለእነሱ ትንሽ ቁራጭ ሸብ አለስልሼ፣ ክዳን ባላት ዕቃ አድርጌ፣ ስማቸውን ጽፌ እሰጣቸዋለሁ። ይዘውት ይመጣሉ፣ ይዘውት ይሄዳሉ።

ልብስ ላይ ደም ከነካ

ይሄን የጨመርኩት ለከተራ ሳምንት ነው። ጥር 10 ሲቃረብ ወንበሩ አይጦምም፣ ሰው ይቸኩላል፣ ነጭ ለብሶ ይመጣል። ከቻላችሁ ነጩን ከመልበሳችሁ በፊት ተላጩ፤ ሸብ ካደረጋችሁ በኋላም ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሳትለብሱ ቆዩ። የሸሚዝ ኮሌታና የነጠላ ጥለት አንገት ላይ ያለውን ድፍን ፈግፍገው ያነሡታል። ደም ከነካው ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ከጀርባው በኩል አፍስሱበት፣ ከዚያ በሳሙና እሹት። በሙቅ ውሃ አትጀምሩ፤ ሙቀት ደሙን ክሩ ላይ ያረጋዋል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም።